የሲስተሟ ዋስ

ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእትዬ የሺ ነው። እትዬ የሺ ዳንግላ ላይ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ደንበኛችን። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሁኔ አረፈ አሉ፤ እውነት ነው? ደግሞ ይቺ ፕሪንተር ከነጋ ወረቀት ትጎርሳለች እንጂ አትተፋም።»

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት። ጋሽ ይሁኔ ታመው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ከገቡ ሰንብተው ነበርና ነገሩ እውነት መሆኑን ማንም ሳያረጋግጥልኝ ሆዴ አወቀው። ግን የቱን አስቀድሜ ልመልስ? «ከሶኬቱ ነቅለው መልሰው ይሰኩት» አልኳቸውና ስልኩን ዘግቼ ፎቶ ኮፒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ መልሰው ደወሉ። «ሠራች» አሉኝ፤ እሳቸውም እያለቀሱ። ጋሽ ይሁኔ በሕይወት ቢኖሩ ይህችን ጨዋታ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያወሩ ይከርሙ ነበር።

ሱቃችን እንጅባራ ነው፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ። ከፊት ፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ፣ ከኋላ እኔ። እኔ በኮምፒውተር ተመርቄ ሥራ ሳፈላልግ ነው ጋሽ ይሁኔ ዘንድ የገባሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የሠራውን የሱቅ ሲስተም ለእንጅባራና ለዳንግላ ነጋዴዎች እንሸጣለን፣ እንተክላለን፣ ሲበላሽ እንጠግናለን። ምን ዕቃ ገባ፣ ምን ተሸጠ፣ ምን ቀረ፣ ሁሉን የሚይዝ ሲስተም ነው። የእኛ ድርሻ ወኪልነት ነበር። ሲስተሙ አንድ የፈረንጅ ስም ነበረው፤ በዚያ ስም የጠራው ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም «ሲስተሟ» ነው የሚሏት፤ እንዲያ ያስለመዷቸው ጋሽ ይሁኔ ናቸው።

ጋሽ ይሁኔ ወደ ሶፍትዌር የገቡት ፈረስ ጉልበታቸውን ስለረገጣቸው ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በሙሉ የፈረስ ደላላ ነበሩ። ከገበያ ገበያ መዞሩ ሲያቅታቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ድለላ ፈለጉና እዚህ ላይ ወደቁ። «ይቺኛዋ ቢያንስ አትራገጥም» ይሉ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ስንት ቀን ረግጣኛለች።

ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር ብዙ አልነበረም፤ እሳቸውም አልደበቁም። የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ ያችንም ጣት ከመጫናቸው በፊት ከፍ አድርገው ጥቂት ያስቧታል። ደንበኛ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉና ከኋላው ዞረው ያያሉ። «ምን እያዩ ነው?» ብላቸው «ትልመደኝ ብዬ ነው» ይሉኛል። ገጠር ቀመስ ደንበኞች ሲደውሉ በአገውኛ ነበር የሚያስረዷቸው። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ከረጅሙ ወሬ መሀል ጆሮዬ የሚይዛት «ኔትወርክ» የምትለዋን ብቻ ነው። ብቻ ምን ብለው እንደሚነግሯቸው እንጃ፣ ብዙዎቹ እኔ ሳልሄድ ይስተካከልላቸው ነበር።

ለመሸጥ ሲነሡ ግን ጉድ ነበሩ። አዲስ ነጋዴ ሱቁ ድረስ መጥቶ «እስቲ ስለ ሲስተሟ ንገሩኝ» ሲል እኔ ጥቅሟን መዘርዘር እጀምራለሁ። ጋሽ ይሁኔ እጃቸውን ያነሡና ያስቆሙኛል።

«መጀመሪያ ነውሯን ልንገርህ» ይላሉ። «መብራት ድንገት ሲጠፋ ትደነብራለች። እስክትረጋጋ መጠበቅ ነው፤ እንዳትመታት። ሁለተኛ፣ ቸኩለህ ሁለት ጊዜ ከነካካሃት አንዱን ዕቃ ሁለት አድርጋ ትጽፋለች። ሦስተኛ፣ ሰው ትለያለች፤ የይለፍ ቃሏን የረሳ ጌታዋም ቢሆን አታስገባም።»

እኔ በኀፍረት መሬት ልግባ እላለሁ። ነጋዴው ግን ፊቱ ይፈታል፤ ወንበር ይስባል። ፈረስ የሸጠና የገዛ አገር ነዋ። ነውሯን ተናግሮ የሚሸጥ ሰው አያታልልም ተብሎ ይታመናል። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፤ «ዋሷስ ማነው?»

በእኛ አካባቢ ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ሰኮናዋን አንሥቶ፣ ሲያስሮጣት ውሎ በስተመጨረሻ ዋስ ይጠይቃል። ነገ ፈረሷ የሌላ ሰው ሆና ብትገኝ ወይም የተደበቀ ነውር ቢወጣባት ተይዞ የሚጠየቅ፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ስሙ ከነአባቱ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ጋሽ ይሁኔ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ስማቸውን እስከ አያታቸው ይጠራሉ። ገበያው እዚያ ላይ ያልቃል። ኋላ እኔ የማስፈርመውን ውል ማንም አያነበውም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ኢሜይል መጣ። «ለተከበራችሁ ወኪሎቻችን፣ ታላቅ የምሥራች» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ድርጅቱ በሌላ ትልቅ ድርጅት ተጠቃልሏል። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ወኪል የሚባል ነገር አይኖርም። የኛ ሲስተም ይዘጋል፤ ደንበኞች ሁሉ በኢንተርኔት ወደሚሠራው ወደ አዲሱ ባለቤት ሲስተም ይዛወራሉ። ችግር ሲገጥማቸው በአጭር የስልክ ቁጥር ይደውላሉ።

«ተጠቀለለ ነው የሚለው?» አሉ ጋሽ ይሁኔ።

«ተጠቃለለ። ትልቁ ትንሹን ገዛው ማለት ነው።»

«ማንን ነው የገዛው? እሷን ነው ጌታዋን?»

«ጌታዋን። እሷም አብራ ሄዳለች።»

የታመመ ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ። «ገዢው የራሱ አለችው?»

«አለችው እንጂ። ሰውን የሚያዛውሩት ወደሷ አይደል?»

«በቃ፣ ይቺ አለቀላት» አሉ። «ጋጡ ውስጥ አንድ እያለችው ሁለተኛ የሚገዛ፣ ፈረስ አጥቶ መሰለሽ? የዚያን ሰው ገበያ ፈልጎ ነው። ይቺን ሣር አያበላትም።»

እኔ የታየኝ እንጀራዬ ነበር። «እንግዲህ ሥራ ልፈልግ ነዋ» አልኩ።

«አንቺማ የተማርሽ ነሽ፣ አታጪም። ጉድ የሆንኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ምን ሆኑ? ፎቶ ኮፒው አለ። ወኪልነቱ ቀረ፣ አበቃ።»

ምን ዓይነት ሞኝ ናት በሚል ዓይን አዩኝ። «ዋስ ነኛ!» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የሁለት ከተማ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ሲስተሟ ውስጥ የከተተው ድርጅቱን አምኖ አይደለም፤ ድርጅቱን ማን ያውቀዋል? ይሁኔን አምኖ ነው። ሲስተሟ ስትዘጋ ሰው መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ሊያድር ነው። አዲሷ ደግሞ ያለ ኔትወርክ አትሠራም፤ በኛ አገር ኔትወርክ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር እንግዳ ነው፤ ክረምት ሲገባማ ጭራሽ አይታሰብም።

ወሬው ከእንጅባራ ዳንግላ እስኪደርስ መልኩን ቀየረ። «ሲስተሟ ተሸጠች» የተባለው «ሲስተሞቹን ከየሱቁ ሊሰበስቡ እየመጡ ነው» ሆነ። በማግስቱ እትዬ የሺ ኮምፒውተራቸውን እንዳለ በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ እንጅባራ መጡ። ለኮምፒውተሩም ወንበር ይዘውለት ነበር፤ መስኮት ዳር። ሱቃችን ገብተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ደብቅልኝ» አሏቸው ጋሽ ይሁኔን።

«የሺ፣ የሚመጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ዘንድ እኮ ነው።»

«ታዲያ የት ልውሰዳት? ዘንገና እህቴ ቤት ልስደዳት?»

«የእህትሽ ቤት ሶኬት አለው?»

እትዬ የሺ ይህን አላሰቡበትም። ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ። ማንም መጥቶ ኮምፒውተሩን እንደማይወስድ፣ የሚዘጋው ውስጡ ያለው ነገር እንደሆነ አስረዳኋቸው። ይህን ሲሰሙ ይብስ ደነገጡ። ወደ ጋሽ ይሁኔ ዞሩ።

«አንተ ዋስ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ እወቅበት» አሉና ኮምፒውተራቸውን መልሰው በጋቢ ጠቀለሉ። ጋሽ ይሁኔ በጉልበታቸው እያነከሱ እስከ መናኸሪያው ተሸክመው ሸኟቸው። ኮምፒውተሩ አሁንም መስኮት ዳር ተቀመጠ።

ጋሽ ይሁኔ ሲመለሱ አጭሩን ቁጥር ደውዪልኝ አሉኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። የተቀዳች ሴት ናት የምታነሣው።

«እንኳን ደህና መጡ!»

«እንኳን ደህና ቆየሽኝ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ለአማርኛ አንድን ይጫኑ።»

«አማርኛ ነው እኮ የማወራሽ፣ የኔ እመቤት።»

«ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው።»

«እግዜር ያክብርሽ። ይሁኔ እባላለሁ፤ ከእንጅባራ ነኝ። አየሩ እንዴት ነው እናንተ ጋ?»

ሴትዮዋ ሙዚቃ ከፈተች። ጋሽ ይሁኔ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት አዳመጡ። በመጨረሻ ስልኩን መለሱልኝና «ደኅና አስተናግዳኝ ዘፈን ከፈተችልኝና ሄደች» አሉ። እኔ በሳቅ ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። እሳቸው አልሳቁም። «እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ ምን ሊሉ ነው?» አልኳቸው። «ስልኩን ትሰብረዋለች» አሉ፤ ይህንንም ሳይስቁ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አዲሱ ድርጅት ደንበኞችን የሚያዛውር ሰው ላከ። ሳሙኤል ይባላል፤ ትሑት፣ ጸጉሩን በሥርዓት የተቆረጠ ወጣት። ስብሰባው ዳንግላ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጠራ። እኔና ጋሽ ይሁኔ አልተጠራንም፤ ሄድን። ከመናኸሪያው እስከ ሆቴሉ በጋሪ ስንሄድ ጋሽ ይሁኔ ስለ ስብሰባው አንድም ቃል አልተነፈሱም። የጋሪዋን ፈረስ እያዩ የግራ እግሯን ለምን እንደምትቆጥብ ከባለጋሪው ጋር ሲከራከሩ ደረስን።

አዳራሹ ሞልቷል። ሳሙኤል የሚያምር ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርቶ ስለ አዲሷ ሲስተም አስረዳ። ከየትም ቦታ ሆናችሁ በስልካችሁ ታዩዋታላችሁ፣ ፈጣን ናት፣ ዘመናዊ ናት አለ። ሰው ዝም ብሎ ሰማው። ሲጨርስ እትዬ የሺ እጃቸውን አወጡ።

«ነውሯስ?»

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ እናቴ?»

«ነውሯን ንገረን።»

ሳሙኤል ፈገግ አለ። «ምንም እንከን የላትም!»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽማግሌ «አይ፣ ይቺስ ሳትነክስ አትቀርም» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ የሺ ግን ገና አልጨረሱም።

«ይሁን። ዋሷስ ማነው?»

«ዋስትና አላት!» አለ ሳሙኤል፣ የሚያውቀው ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎት። «የአንድ ዓመት ሙሉ ዋስትና።»

«ዓመቱን አልጠየቅሁህም። ማነው ነው የምልህ።»

«ድርጅቱ ነዋ።»

«ድርጅቱ የማን ልጅ ነው?»

ሳሙኤል ግራ ገባው። «የማንም ልጅ አይደለም እናቴ። የአክሲዮን ማኅበር ነው።»

«ማኅበር ከሆነ ሙሴ ይኖረዋላ። ሙሴው ማነው?»

ምስኪኑ ሳሙኤል በልጅነቱ እናቱ ማኅበር ጠጥተው ይሆናል፤ ሙሴ ማለት የማኅበር አለቃ መሆኑን ያውቃል። «ሥራ አስኪያጅ አለን» አለ፤ «ግን እሳቸውም በቅርቡ ይቀየራሉ መሰለኝ።» ምነው ይህችን ባልጨመራት! ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ጋቢውን ሲያነሣ ተሰማ። አዳራሹ ተነሥቶ ሊሄድ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ የሁላቸውም ሲስተም ይዘጋል። ሳሙኤል እጁን ወደ ሰዎቹ ዘረጋ።

ጋሽ ይሁኔ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ተቀመጡ» አሉ። ሰው ባለበት ቆመ። «ይህን ልጅ አላውቀውም። የላኩትንም አላውቃቸውም። እኔን በቃህ ብለው ያሰናበቱኝ እነሱ ናቸው። አሁን ተነሥታችሁ ብትሄዱ ደስ የሚለኝ እኔ ነበርኩ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ያችን የፊተኛይቱን እኔ ነኝ ያስገባሁባችሁ። ገበያው ተበተነ ብዬ ሜዳ ላይ ልጥላችሁ? ልጁ ነውሯን ሁሉ ከተናገረ ለዚችኛዋም ዋስ እኔ ነኝ።»

እኔ ክንዳቸውን ይዤ ለመጎተት ሞከርኩ፤ ዱላቸውን እግሬ ላይ አቆሙት። ሰዉ አንድ በአንድ ተቀመጠ።

«በል ንገራቸው» አሉት ሳሙኤልን። «ሳትፈራ።»

ሳሙኤል ወደ ግድግዳው ሥዕል አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋው። «ኔትወርክ ከሌለ አትሠራም» አለ ቀስ ብሎ።

አዳራሹ በእርካታ ተነፈሰ።

«ሌላስ?»

«ከድሮዋ የሚዛወረውን ዕቃ አንዳንዴ ስሙን ታምታታለች። ሚስማር ቀለም ይሆናል።»

«እሱ ይታረማል። ሌላስ?»

ሳሙኤል አንገቱን ደፋ። «አጭሩ ቁጥር ላይ ስትደውሉ… ብዙ ጊዜ የሚያነሣ ሰው የለም።»

«እሱን እኔም ደርሼበታለሁ» አሉ ጋሽ ይሁኔ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳሙኤልም ሳቀ፤ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው! እኔ ያላሰብኩትን ነውር ሁሉ እያመጣ ዘረገፈው። በተናገረ ቁጥር ሰው ወንበሩን እያስጠጋ ይሄድ ነበር።

ጋሽ ይሁኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ክረምቱ እስኪወጣ አሮጊቷ ሲስተም እንዳትዘጋ። ሳሙኤል ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮቱ እናየዋለን፤ ዝናብ እየመታው ወዲህ ወዲያ ይላል፣ እጁን ያወራጫል፣ አንዴ ይለምናል፣ አንዴ ይቆጣል። ሲመለስ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። «ትቆያለች» አለ። እትዬ የሺ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይሁኔ ወኪል አልነበሩም። ደሞዝም ኮሚሽንም የሚሰጣቸው የለም። ያም ሆኖ ስልክ በተደወለ ቁጥር ዱላቸውን ያነሣሉ፤ እኔም ቦርሳዬን ይዤ እከተላለሁ። መተዳደሪያችን ፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ሆነ። አንድ ቀን ተናድጄ «ለማያውቀን ድርጅት በነፃ እስከ መቼ ነው የምናገለግለው?» አልኳቸው። «እኔ ድርጅት አላገለግልም» አሉ፤ «ዋስ ነኝ፤ ለየሺ ነው የምሄደው።» ሳሙኤል ግን ረሳን ማለት አልችልም። ችግር ሲገጥመን የምንደውለው ለእሱ ነበር፤ እሱም ከአለቆቹ እየተጣላ ያስተካክልልናል። ጋሽ ይሁኔን «አባቴ» ማለት ጀምሮ ነበር። አዲሷ ሲስተም አንድ ነገር ባስቸገረች ቁጥር ስልኩ ውስጥ «ዛሬ ደግሞ ደነበረችባችሁ?» ሲል እሰማውና እስቃለሁ።

ለቅሶው እንጅባራ፣ ጋሽ ይሁኔ ቤት ደጅ በተተከለው ድንኳን ነበር። ሕዝብ መጣ፤ ከገጠር በፈረስ የመጡት ብዙ ነበሩ። ሳሙኤልም ከአዲስ አበባ ደረሰ። ድንኳኑ ጥግ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳየው አንጀቴን በላው፤ ከእኔና ከደንበኞቹ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

እትዬ የሺ ግን አይተውታል። «አንተ ልጅ፣ ና ወዲህ» አሉት። የዳንግላ ነጋዴዎች ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። ሳሙኤል መጥቶ በርከክ አለ።

«ዋሳችን አረፈ» አሉት እትዬ የሺ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ይቺ ነገራችሁ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማንን ነው የምንይዘው?»

አሁን ይህ ልጅ አጭር ቁጥር ይነግራቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሳሙኤል ግን ተነሥቶ ቆመ። «እኔን ያዙኝ» አለ። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገራቸው። የት እንደተወለደ፣ የእናቱ ቤት በየት በኩል ታልፎ እንደሚኬድ ሳይቀር ዘረዘረ። ድርጅቱ ቢሸጥም ባይሸጥም የራሱ ስልክ እንደማይዘጋ ተናገረ።

ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እትዬ የሺ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መልካም ተናገርክ» አሉ። «ላንተስ ዋስህ ማነው?»

ሳሙኤል ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ስሙን የሚጠራለት ሰው አጣ፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

«እኔ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ ሲያይ ነው ድምፁ የራሴ መሆኑን ያወቅሁት።

«እንግዲያ ቁሚና ስምሽን ጥሪያ፤ ሰው ይስማ» አሉኝ እትዬ የሺ።

ቆምኩ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራሁ።